ቀለበት የጎደላት ፊደል

ማሊያ አጣቢ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ማን ሮጦ እንደ ዋለ፣ ማን ቆሞ እንደ ዋለ
ሳሙናዬ ያውቃል፣ ሌሎች ቢያስመስሉ።

እሱ የመጣ ቀን ጅማ ትዘንባለች፣
(መቼ አባርታ ታውቃለች?)
ካውቶቡሱ ሲወርድ በሩ አጠረበት፣
አንድ ሻንጣ በእጁ፣
ታኬታው ካንገቱ ተንጠልጥሎበት።
«ዘጠኝ ቁጥር» አሉን፤ «ከማሊ፣ ከሲካሶ።»
ጸሐፊው ካርታ ላይ አገሩን ሲፈልግ
ጣቱ ተመለሰ በረሃ አካሎ።

ስሙ ድራማኔ ነው።
ሄርማታ ገበያ፣ ከጨርቅ ተራው ጓሮ፣
ነስሮ የሚሉት ልጅ በጋለ ካውያ
ስሙን ለጠፈለት ማሊያው ጀርባ ላይ።
ግን ያችን ቀለበት፣ «ኔ» እግሯ ላይ ያሰረቻትን፣
ቸኩሎ ረሳት።
«ድራማነ» ሆነ።
አስተካክል ብለው፣ «አባ ፊጣ» አለኝ፣
«ከዳር ማን ያነባል?
ጎል ያግባ እንጂ እሱ፣ በስሙ ይጠራል።»

አገባ።
በግራው፣ በግንባሩ፣ አንዴም በጭኑ ዳር።
(ዳኛው በእጅ ነው ብሎ ሻረው፤
የኳሷ ጭቃ ግን ቁምጣው ላይ ነበር፣
ያጠብኩት እኔ ነኝ።)
ከጅሬን ቁልቁለት የወረደው ሁሉ፣
ባለ ባጃጁ፣ ተማሪው፣ ጫት ሻጩ፣
«ድራማ! ድራማ!» ሲሉ ያመሻሉ።

ሁለታችን መሃል ቋንቋ አልነበረም።
አሰላሙ አለይኩም፣
ወአለይኩም ሰላም፣
ከዚያ ወዲያ የለም።
ማሊያውን ስሰጠው ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ
«ኢኒ ቼ» ይለኛል።
እኔ የሰማሁት «እኔን ቼ በለኝ» ነው፣ እንደ ጋሪ ፈረስ።
«ቼ!» እለው ነበረ። ይስቃል። ይወጣል።
ምስጋና መሆኑን ያወቅሁት
ቼ የምለው ሰው ካጣሁ በኋላ ነው።

ደመወዝ ቆመበት። አንድ ወር። አራት ወር።
ማታ ለእናቱ ሲደውል በመስኮት እሰማለሁ፤
ቃሉ ባይገባኝም ዜማውን አውቀዋለሁ፦
በልቻለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ቤቱ ሰፊ ነው፣ አይበርድም።
ልጄ ሰሚራ ከጅዳ ስትደውል
የምትዋሸኝ በዚሁ ዜማ ነው።
እኔም «እሰይ» እላለሁ።
የሲካሶዋም እናት ሳትል አትቀርም።

የካቲት ውስጥ፣ ደረቅ ሜዳ ላይ፣
ማንም ሳይነካው ጉልበቱ ከዳው።
ድምፁን ከወንበሬ ሰማሁት፣ እንደ እንጨት ነው።
ወጌሻ አሸው፣ ሆስፒታል ፎቶ አነሳው፣
ክለቡ «ቆይ» አለው።
መጀመሪያ የለመዳት አማርኛ እሷ ናት፤
ቆይ።

ሌላ አጥቂ መጣ። ውሉ አለቀ፣ ፈቃዱም አለቀ።
ሰኔ ላይ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣
መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት።
ጅቡቲ ነው አሉ፣ ሃርጌሳ ነው አሉ፤
እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።
ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሰጠሁት፣
አንዱ ቢከዳህ ሁለት አለህ ለማለት፤
በምን ቋንቋ ልበለው?
የአውቶቡሱ ረዳት ለበርጩማው
ሃምሳ ብር ጠየቀ። ከፈልኩ።

ማሊያው የክለቡ ነው፤ አልሄደም።
ባጠብኩት ቁጥር መጀመሪያ «ድ» ወደቀች፣
በሁለተኛው ዓመት በሙቅ ውሃ «ራ»።
አሁን የአጋሮ ልጅ ለብሶት ይሮጣል፣
ጀርባው ላይ «ማነ» ይላል።
ማነህ እንዳይል፣ ማነሽ እንዳይል
ፊደል ጎደለበት።
ሕዝቡ ይስቃል። ነስሮ «ልንቀለው?» ይለኛል።
«ቆይ» እለዋለሁ።

ትናንት ማታ ስልኬ ጮኸ፤
የማላውቀው ቁጥር፣ ረጅም፣ ከውጭ ነው።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
ከወዲያም ትንፋሽ አለ።
«ማነ—» አልኩ፤
ህ ልበል፣ ሽ ልበል፣
ሳልወስን ተቋረጠ።